አመልካች

ፈረስ ቤት ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
ጃንጥላ ተክዬ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ስኖር፣
የስንቱን ሰው ውርስ፣ የስንቱን ሰው ድንበር፣
በሦስት ቅጂ ስጽፍ፣ ካርቦን አነባብሬ፣
የሰው ጉዳይ በእጄ አላውቅም አሳድሬ።
አሁን ግን ያደረ፣ ቀጠሮ የበዛበት፣
የገዛ እጄ ሆነ፣ ዳኛ የጠፋበት።

ዶሮ ሳይጮህ ገና፣ በዘጠኝ ሰዓቱ፣
ይቀሰቅሰኛል የጣቶቼ እሳቱ።
ቁጭ እልና ካልጋ፣ በድቅድቅ ጨለማ፣
እጄን አራግፋለሁ እንደ ራሰ ሸማ።
የዝብነሽ በእንቅልፍ ልቧ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ፣
«ማንን ነው የምትሸኘው፣ በሌሊት፣ ያለ እንግዳ?»

«ብርድ ነው፤ በቅቤ እሸው» አለኝ ጎረቤቴ።
«የተረቺ እንባ ነው» አለችኝ አማቴ።
አልተከራከርኳትም፤ ለረቺ ጽፌያለሁ፣
ተረቺም ሲያለቅስ ከደጅ አይቻለሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን፣ «አመልካች» ብዬ ስጀምር፣
እስክሪብቶው ወደቀ፣ ሳላውቀው፣ ከእግሬ ሥር።
ባለጉዳዬ አጎንብሳ፣ አንሥታ ሰጠችኝ፤
ደግሞ ወደቀብኝ፤ ደግማ አቀበለችኝ፤
በሦስተኛው ግን ቀና ብላም አላየችኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ።
ሐኪሟ ባሕር ዳር፣ ችሎቱ ድንጋይ ላይ፣
ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ከደመናው ሰማይ፤
ኔትዎርክ የሚገኘው እዚያች ላይ ነውና፣
ሲስተር አንጓች ቆመች፣ ስልኩን ይዛ ቀና።

ዶክተር ፀዳለ መጣች፣ ፊቷ ተቆራርጦ፣
ከንፈሯ ቀድሞ፣ ድምጿ ኋላ ቀርቶ።
«እጅዎን...» ብላ ጠፋች።
ጠበቅን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።
«...ይንገሩኝ» አለች።
እጄን ልንገራት? እጅ ምን ተብሎ ይነገራል?

«ወረቀት አለዎት?»
እኔን! ወረቀት አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም እስከዛሬ።
«መዳፍዎን አስቀምጠው ዙሪያውን ይሣሉት፤
የደነዘዘውን ደግሞ በቀለም ያጥቁሩት።»
በግራ እጄ ሣልኩ። ጉልበቴ ላይ፣ ጠማማ።
አውራ ጣት። አመልካች። መሀል ጣት።
የቀለበት ጣቴን ግማሹን፣
ወንድማማች እንደተካፈለው መሬት፤
ትንሿ ጣት ብቻ ነጭ፣ በነገሩ የለችበት።

«ነርቩን አወቅሁት» አለች፤ «አሁን በየተራ፣
አንጓቸው ይጠፍ፣ ቀኙ ጀርባ ከጀርባ ከግራ፣
አንድ ደቂቃ።» አንጓች ሰዓት ያዘች።
ግማሹ ሳይሞላ ምስክሬ መጣ፤
ያው የሌሊቱ ጉንዳን በቀትር ወጣ።
አንጓች የእጄን አንጓ መታ መታ አረገች፤
ጣቴ ጫፍ ድረስ መብረቅ ሰደደች።

«በአንጓው ውስጥ» አለች፣ «አንዲት ጠባብ በር አለች፤
ዘጠኝ ጅማት ከአንድ ነርቭ ጋር ታሳልፋለች፤
ውስጡ ያበጠ ለታ ነርቩ ይጨነቃል።»
ገባኝ።
የወሰን ክስ ነው።
የሌላውን ስጽፍ፣ በእጄ ውስጥ ያደገ፣
ጎረቤት ጎረቤቱን እየገፋ እየገፋ የዘለገ።

ትእዛዙ አጭር ነው። ሌሊት አንጓው ሳይታጠፍ፣
ቀጥ ብሎ ይታሰር፤ ቀን ቀን እያረፉ ይጻፍ፤
ስኳርም ይመርመሩ። በስድስት ሳምንቱ፣
እዚሁ ድንጋይ ላይ ይቅረቡ በሰዓቱ።
ካልተሻለ መርፌ፤ የአውራ ጣት ሥሩ ሥጋ ከሟሸሸ ግን፣
ደብረ ማርቆስ፣ ቀዶ ጥገና።
«ይግባኝስ አለው?» አልኳት።
ሣቀች። መስመሩ ተቋረጠ፤
ምስሏ ከነሣቋ ስልኩ ላይ ተቀመጠ።

አናጢው ደባስ ቀርከሃ ሰንጥቆ አለሰለሰልኝ፤
የዝብነሽ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለለችልኝ፤
«ጠበቀ?» አለች።
እስረኛ ይህን ተጠይቆ ያውቃል?

አራተኛ ሳምንቴ። አልዳንኩም፣ አልባስኩም።
ቁልፍ መቆለፍ አሁንም ያታግለኛል፤
ቀን ከሁለት ክስ በላይ አልጽፍም፣
የቀረውን ያቺ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ የውዴ፣ ከአፌ ትቀበለኛለች።
ፊደሏ ያምራል። ዝም እላለሁ።

ትናንት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓቱ፣
ነቃሁ፣ እንደ ልማዴ። የለም እሳቱ።
እጄ በቀርከሃው መሀል፣ እንደ ሰው ልጅ ተኝቷል።
እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤
እንዳልቀሰቅሰው ፈራሁ።
«ዛሬስ ማንን ሸኘህ?» አለች የዝብነሽ።
ማንንም፣ አልኳት።
ማንንም። ተኚ።